የዓሣዎቼን ውሃ ለማኅበርተኛ የቀዳሁ ዕለት

በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ኮሜንት ላብ በላብ አደረገችኝ ብላችሁ ማን ያምነኛል!

ጠዋት የአኳሪየሜን ፎቶ ፖስት አደረግኩ። አንዱ ጎረምሳ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ የሞሉበት ጠላ ነው እንዴ?»

አንተ ልጅ ቀልደህ ነው። እኔ ግን ስልኬን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ቆይቶ ደግሞ ዓይኔ እንባ ሞላ። በሉ ፎሎወሮቼ፣ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ፣ ከጎንደር የመጣሁ ወንደላጤ ነበርኩ። ዘመድ የለ፣ ያገር ልጅ የለ። የነበሩኝ ዓሣዎች ናቸው።

አዎ፣ ዓሣዎች! የፋብሪካው ፈረንጅ መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ የመስታወት ሳጥኑን ከነዓሣዎቹ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ጣት የማያክሉ፣ ጎናቸው ላይ ሰማያዊ መስመር ያለባቸው የአማዞን ዓሣዎች። አደራው አንድ ብቻ ነበር፤ ቤታቸውን የአገራቸውን ወንዝ አስመስልላቸው አለኝ።

አስመሰልኩ። አሸዋና የዛፍ ሥር ከሰበታ ወንዝ አመጣሁ። ለብርዱ አምፖል አበራሁላቸው። የአገራቸው ወንዝ ደግሞ ቅጠል እየረገፈበት ውሃው ቡናማ ነው አሉ፤ ስለዚህ የደረቀ የዋንዛ ቅጠል አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ በጋን አሳድር ነበር።

ልብ በሉ፤ በጋን። ቀለሙንማ አትጠይቁኝ።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ የሰበታን ምርጥ ጠላ የሚጠምቁ ሴት ነበሩ። ብቸኝነቴን አይተው ለማርያም ማኅበር ዋስ ሆነው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ማኅበር ገባሁ ማለት ብታመም የሚጠይቀኝ፣ ብሞት የሚቀብረኝ ሰው አገኘሁ ማለት ነው። ግን የመጀመሪያ ተራዬን በወጉ ካላወጣሁ በየትኛው ፊቴ ከሰው እቀላቀላለሁ?

ተራዬ ደረሰ። እትዬ አስካለ ጠላውን ጠምቀው ላኩልኝ። እኔ ሥራ ነበርኩ። ጋኑን ያመጡት ሰዎች የኔን የቅጠል ውሃ ወደ ጥጉ ገፋ አድርገው፣ ጠላውን ከጓዳው በር ኋላ አኑረውት ሄደዋል። ጓዳው ጨለማ ነው። እኔ ደግሞ ጥጉ ጋ አስቀምጡት ብዬ ስለነበር ቀጥ ብዬ ወደ ጥጉ!

መቼም ቀጂ አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ የማያውቅ የለም። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? ዘመናዊ ሰው ከእጁ አይጠጣም አልኩ።

በጆግ ቀዳሁ። የማኅበሩ ካህን፣ አባ፣ ባረኩ። ለሁሉም አዳረስኩ።



የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ ኦቦ ቱሉ፣ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ተጎነጩና ዋንጫውን ዘንበል አድርገው አዩት። አባን ሳል ያዛቸው። እትዬ አስካለ ቀምሰው ቀና ብለው አዩኝ። ጠላው አልተወደደልኝም ብዬ ሰጋሁ።

እትዬ አስካለ ዋንጫቸውን ጭልጥ አድርገው ዘረጉልኝ። «ድገመኝ፣ ልጄ።»

እሳቸውን አይቶ ሁሉም ጠጣ። ደረቴን ነፍቼ ልጨምር ጓዳ ገባሁ። እግሬ ከበሩ ኋላ ካለ ጋን ጋር ተጋጨ። ዳበስኩት። አፉ በጭቃ እንደተለሰነ ነው።

ያልተከፈተ ጠላ!

ታዲያ ሰዎቹ የጠጡት... ወይኔ ጉዴ! በመስኮት ልወጣ አሰብኩ፤ ጓዳው መስኮት የለውም። ወጥቼ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ያጠጣኋችሁ የዓሣዎቹን ውሃ ነው።»

ኦቦ ቱሉ ክንዴን ይዘው አነሱኝ። «ቢሻን መሆኑንማ ምላሳችን ነገረን። ውሃ ነው። ዓሣው ኖሮበት ካልሞተ እኛ ጠጥተን እንሞታለን?»

«በል ጠላውን ክፈት» አሉ አባ። «አሁን ግን ቅመስ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ከመዳፌ ቀመስኩ፤ እንዲያ ያለ ጠላ ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ አልጠጣሁም።

ሰው ከተሸኘ በኋላ ዋንጫ ስናጥብ እትዬ አስካለን ጠየቅኋቸው። «አንቱ፣ ሰው እኮ የርስዎ ጠላ እንዲህ ቀጠነ ብሎ ሊያማዎት ነበር። ለምን ዝም አሉ?»

«የኔ ጠላ ነገም ይጠመቃል» አሉኝ ዋንጫውን እየደፉ። «አንተ ግን በመጀመሪያ ቀንህ ብታፍር፣ ዳግመኛ ደጅህን ለሰው አትከፍትም ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ሰበታ አገሬ የሆነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ያገባሁት እዚያ ነው፣ የወለድኩት እዚያ ነው፣ እናቴ ስትሞትብኝ ድንኳን የጣሉልኝ እነሱው ናቸው። ዛሬ አንዳቸውም የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ይህን ውለታ በምን ልከፍለው?

እኔ እንደሆንኩ ከዚያ ወዲህ የቧንቧ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ለእንግዳ አልሰጥም። ልጆቼ ያረጀሁ ይመስላቸዋል።

እስቲ እናንተም ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ ሰው እንዳያፍር ብላችሁ ምን ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ?