አከራዬን ልብ ወለድ ውስጥ ያስገባሁ ለታ

ዛሬ አከራዬ ማንጎ ሰጡኝ። በባልዲ! በነፃ!

አሶሳ የምትኖሩ፣ በተለይ የእኛን ሰፈር የምታውቁ፣ እስቲ ስልኩን አስቀምጡና ትንሽ ተንፍሱ። ሌሎቻችሁ ደግሞ "እና ምን ይጠበስ?" እንዳትሉኝ። ማንጎው ባዶውን አልመጣም። ከውርደት ጋር ነው የመጣው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

እንደምታውቁት የንባብ ቻሌንጅ ላይ ነኝ። በየቀኑ ከግሩፑ አንድ ጥያቄ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ ስለምንወደው ልብ ወለድ እንጽፋለን። "መጀመሪያ ያስለቀሳችሁ መጽሐፍ"፣ "ተውሳችሁ ያልመለሳችሁት መጽሐፍ" ምናምን። (ለሁለተኛው የሰጠሁትን መልስ ያነበባችሁ የመጽሐፉ ባለቤት፣ እመልሳለሁ ብያለሁ እኮ!)

ረቡዕ የመጣው ጥያቄ "በእውነተኛ ሕይወታችሁ የምታውቁት ገጸ ባሕርይ" የሚል ነበር።

እኔ ደግሞ ማንን አውቃለሁ? አከራዬን!

ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ የምወደው አንድ ልብ ወለድ አለ። ውስጡ የብርቱካን አትክልት ያላቸው ሽማግሌ አሉ። የአትክልቱን በር ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚተኙት። ፍሬው መሬት ላይ ቢበሰብስ ይሻላቸዋል እንጂ ለጎረቤት ልጅ አንዲት አይሰጡም። መጨረሻው ላይ... እሱ ይቆየን።

አሁን ወደ አከራዬ ወደ ሐጂ እንምጣ።

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ እዚህ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ሦስቱንም ዓመት የሐጂ ተከራይ ነኝ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ወንዶቹ ልጆቻቸው ለንግድ ብለው ሱዳን እንደገቡ እዚያው ቀርተዋል፣ ሴቷ ልጃቸው ዘይነባ አግብታ ሌላ ሰፈር ነው ያለችው። ግቢው ውስጥ ያለነው ሐጂ፣ እኔ፣ አንዲት ፍየልና ማንጎው ነን።

ማንጎው ግን ማንጎ ብቻ አይደለም። የግቢውን ግማሽ የሸፈነ፣ ቅርንጫፉ የእኔን ቆርቆሮ የሚዳብስ ግዙፍ ዛፍ ነው። ሐጂ ሥሩ የፕላስቲክ ወንበራቸውን አድርገው ሲጠብቁት ይውላሉ። ፍሬው የሚወርድበት ረጅም ቀርከሃ አላቸው፤ ሲመሽ መኝታ ቤታቸው ያስገቡታል። ቀርከሃው ከክፍሉ ስለሚረዝም ጫፉ በመስኮት ወጥቶ ያድራል።

አልቀለድኩም። ወጥቶ ነው የሚያድረው።

የወደቀውስ? አትሉም? እኔም ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ጣሪያዬ ላይ ድም ብሎ ወደቀ። "ሐጂ፣ ይሄ እንኳ የእኔ ነው አይደል?" አልኳቸው። "ጣሪያው የማን ነው?" አሉኝ። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

የግቢው ቧንቧም የሚቆለፍ ነው፤ ቁልፉ ያለው እሳቸው ጋ ነው። በየማለዳው በራቸውን አንኳኩቼ "ሐጂ፣ ውኃ መጥቷል" እላለሁ፤ ይከፍቱልኛል፤ እቀዳለሁ፤ ይቆልፋሉ።

እና ምን ብዬ ጻፍኩ?

"ያ የብርቱካኑ ስስታም አልሞተም። አሶሳ ነው ያለው። ብርቱካኑን በማንጎ ለውጦ ቤት ያከራያል። ቀርከሃው ራሱን ቢያመው ባጃጅ ጠርቶ ሐኪም ቤት ይወስደዋል" ብዬ ጻፍኩ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ቁልፍና በመስኮት የሚወጣውን ጫፍም ጨመርኩበት። ስለ መጽሐፉ ደግሞ "መጨረሻውን አልነግራችሁም፣ ስፖይለር ነው፤ ግን እንደሱ የሚያምር መጨረሻ አንብቤ አላውቅም" አልኩ።

ላይኩ ዘነበ! ከደብረ ብርሃን የድሮ ጓደኞቼ ሁሉ መጥተው ሳቁ። እኔም ወሬው ደርቶልኝ ኮመንት ላይ ጨማመርኩ። ስም አልጠራሁም እኮ! ጠንቃቃ ሰው ነኝ።

እስቲ ንገሩኝ፣ በዚህ ከተማ ቀርከሃው በመስኮት ወጥቶ የሚያድር ስንት ቤት አለ?

አዎ። አንድ።

ሌላም የረሳሁት ነገር ነበር። ዘይነባ ገበያው ውስጥ ቻርጀርና የሞባይል ካርድ ነው የምትሸጠው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ፌስቡክ ላይ ናት። ጓደኛዬ ናት። ያውም ፖስቴን ላይክ አድርጋለች!

ይሄን ያስታወስኩት ዛሬ ነው። መቼ መሰላችሁ? ከጁምዓ በኋላ በሬ ሲንኳኳ።

ከፈትኩ። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። እጃቸው ላይ ባልዲ። ባልዲው ውስጥ ማንጎ። ከኋላቸው ዘይነባ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ይሄ የስንብት ማንጎ ነው። በሐሳቤ ልብሴን አጣጥፌ፣ አልጋዬን ፈትቼ፣ ጋሪ ጠርቼ ጨርሻለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ?

"መምህር" አሉኝ። "አንተ እኔን መጽሐፍ ውስጥ አገኘህ አሉ። እውነት ነው?"

(የሐጂ የቤት ቋንቋ በርታ ነው። አማርኛቸው ውስጥ "አንቺ" የሚባል ነገር የለም። እኔም አንተ ነኝ፣ ዘይነባም አንተ ናት፣ ፍየሏም አንተ ናት። ለምጄዋለሁ። እንዲያውም እኩልነት ነው።)

"ማለት ሐጂ... እርስዎን የሚመስሉ... ትንሽ የሚመስሉ ሰው..."

"ያ ሰላም! ዘይነባ ነገረኝ። ትልቅ ሰው ነው አለኝ፣ አትክልት አለው አለኝ። ና፣ ውጣ! ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። አንተ ታሪኩን ትናገራለህ።"

ዘይነባን አየኋት። እሷ ማንጎውን ታያለች።

ገባኝ! ስድቤን ምስጋና አድርጋ ነው የተረጎመችላቸው። አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ማንጎው ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በብርጭቆ ቀይ ከርከዴ ቀርቧል። ለእኔ የፕላስቲክ ወንበሯ ተለቀቀችልኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ተቀምጬባት አላውቅም። ባልዲው ፊቴ ተቀመጠ።

"ተናገር" አሉ ሐጂ። "ያ ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

እኔ ቻሌንጅ ላይ ስለ ልብ ወለድ አንድ ገጽ ሙሉ የምለቅ ሴትዮ፣ አንድ ቃል ብቻ ፈልጌ አወጣሁ።

"ቁጥብ ናቸው" አልኩ።

"ቁጥብ ጥሩ ነው" አሉ ሐጂ።

"ንብረታቸውን የሚያከብሩ። ዛፋቸውን የሚወዱ።"

"ለሰውስ ይሰጣል?" ብለው ጠየቁኝ አንደኛው ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው።

"ይሰጣሉ! ማለት... ጊዜውን ጠብቀው... ሰውየውን አይተው..."

"አንገቱ ላይ ያለው ቁልፍስ?" አሉ ሾፌሩ።

"እሱ... እሱ ጌጥ ነው!" አልኩ።

ልብ በሉ፣ ቁልፍ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር። ግን በዚያ ሰዓት ልብ የሚል ልብ የት አለኝ?

"ሲሞትስ ብዙ ሰው ቀበረው?" አሉ አሁንም ሾፌሩ።

"አገር ምድሩ ነው የወጣው!" አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ ማን ይመልሰኛል? "ብርቱካኑን ለድሃ አውርሰው ነው የሞቱት። የሰፈሩ ሕፃናት ሁሉ አለቀሱ። አዝመራው ራሱ አዘነ!"

ሾፌሩ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ታሪኩ ነካቸው ብዬ ነበር። ኧረ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር!

"ዘይነባ" አሉ ሐጂ ረጋ ብለው። "አንብብ።"

ዘይነባ ስልኳን አወጣች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ እንደ ሬዲዮ ድራማ ተዋናይ ድምፅዋን ጎርነን አድርጋ "ያ የብርቱካኑ ስስታም አልሞተም!" ብላ ጀመረች።

ሁሉንም አነበበችው። ቁልፉን። ቀርከሃውን። ሐኪም ቤቱን። ኮመንቱን ሳይቀር! የሣቅ ምልክቶቹን እንኳ "እዚህ ጋ ታለቅሳለች፣ እየሳቀች" እያለች ተረጎመችላቸው።

ግቢው በሣቅ ፈረሰ። ሾፌሩ ከርከዴው በአፍንጫቸው ወጣ። ሌሎቹ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጭን እየመቱ ይንፈራፈራሉ። ለካ ሁሉም ከረቡዕ ጀምሮ ያውቃሉ! እኔ "ቁጥብ" ስል፣ እኔ "ጌጥ" ስል፣ እነሱ ከንፈራቸውን ነክሰው ነው የተቀመጡት።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ግን እሷም የሐጂ ናት፣ ሳያስፈቅዱ መግባት አይቻልም።

"ጥሩ ጽፈሃል" አሉኝ ሐጂ። "ቀርከሃው ግን ሐኪም ቤት ሄዶ አያውቅም። ጤነኛ ነው።"

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ" አልኩ።

"ወላሂ አታጠፋም!"

ዘይነባ ነች ያስረዳችኝ። ለካ ስክሪንሾት አንስታ ሱዳን ላሉት ወንድሞቿ ልካላቸዋለች። ስንት ጊዜ ድምፃቸውን አጥፍተው የነበሩት ልጆች ትናንት ሁለቱም ደወሉ። "ያባ፣ ቀርከሃው ዛሬም በመስኮት ይወጣል?" እያሉ ሲስቁ፣ ሐጂም ሲስቁ፣ ባትሪው እስኪያልቅ አወሩ። ማንጎው የዚያ ምስጋና ነው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር!

አላለቀም። ሣቁ በረድ ሲል ሐጂ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ኸላስ። አሁን እውነቱን ንገረኝ። መጨረሻውን አልነግራችሁም ብለህ ጽፈሃል። ያ ሰውዬ መጨረሻው ምንድን ነው?"

ልዋሽ ፈለግሁ። ግን አሁን ውሸቴን የሚያምን ሰው የለም።

ነገርኳቸው። ሽማግሌው አንድ ቀን አትክልታቸው ውስጥ ወደቁ። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። ማንም አልፈለጋቸውም። የበሰለው ብርቱካን በላያቸው እየረገፈ ከሰነበተ በኋላ፣ ጎረቤቱ የመጣው የበሰበሰው ፍሬ ሸትቶት ነው።

ማንም አልሳቀም።

ሐጂ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከርከዴውን ያዩታል። ስስታም አልመሰሉኝም፣ አኩራፊም አልመሰሉኝም። ፈርተው ነበር። ሰውየው እኮ ብቻቸውን ነው የሚያድሩት! እኔ ደግሞ ይሄን ነው "የሚያምር መጨረሻ" ያልኩት። በጣም አፈርኩ። ከንባቡ ጊዜ የባሰ አፈርኩ።

"ያ ሰውዬ" አሉ፣ "ተከራይ አልነበረውም?"

"አልነበራቸውም ሐጂ።"

"አንድም?"

"አንድም።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ትከሻቸው ወረደ።

"እህ! እንግዲያው እሱ እኔ አይደለሁም። እኔ ተከራይ አለኝ።" በጣታቸው ጠቆሙኝ። "ይሄ መምህር በየጠዋቱ በሬን ያንኳኳል። እኔ እንዴት አደርኩ ብሎ ያያል። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።"

ወገኖቼ! እኔ የማንኳኳው ለቧንቧው ቁልፍ ነው!

ግን ማን ይናገራል? እኔ? ዓይኔ ውኃ ሞላ፤ ይሄኛው ቁልፍ አልፈለገም።

"አንድ ቀን አንኳኩተህ እኔ ካልከፈትኩ ምን ታደርጋለህ?" አሉኝ።

"እጮሃለሁ ሐጂ። ሰፈሩን በሙሉ ነው የምጠራው።"

"ጥሩ። በደንብ ጩህ። ጆሮዬ ይደክማል።" ከዚያ ተነሡና ወንበራቸውን ከሥሬ ተቀበሉኝ። "ማንጎውን ስትጨርስ ባልዲውን መልስ።"

ወደ ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን አወጣሁት። የመጨረሻውን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤ "ወይ አጻጻፍ!" ብያለሁ። አጻጻፉ ዛሬም ያምራል። እኔ ግን ማንበቡን ትቼ ገጹን እያየሁ "አንድ ውኃ የሚቀዳ ሰው እንኳ ይጠፋል?" እያልኩ ተበሳጨሁ። ደራሲውን ባገኘው ለሽማግሌው አንዲት ክፍል ሠርቶ ያከራይላቸው ነበር የምለው።

ይሄን እየጻፍኩ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጣሪያዬ ላይ ድም! አለ።

ከውጭ የሐጂ ድምፅ መጣ። "መምህር! የወደቀው ያንተ ነው!"

ጆሮዬን አላመንኩም። በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ። ሐጂ ቀርከሃቸውን ታቅፈው ወደ መኝታ ቤታቸው እያስገቡ ነው። እኔን ሲያዩ ቆም ብለው አሰብ አደረጉ።

"ግማሹ" አሉ።

አሁን ፍረዱኝ፤ ግማሽ ማንጎ የሰጠ ሰው ስስታም ይባላል? ኮመንት ላይ መልሱልኝ። ብቻ ስትጽፉ ጠንቀቅ በሉ፣ ዘይነባ ድምፅዋን እያለማመደች ነው።