የሙታንን አድራሻ የሚያውቀው ቢንያም

ክፉም ደግም ሳይሠራ የሞተ ሰው ወዴት ይሄዳል? እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የደባርቁ ቢንያም ግን ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠማችሁም? እዚያው ተራራው ላይ ወዳለችው ጊች የሚወስደው መንገድ ይጠፋዋል፤ እያንዳንዳችን አንድ ጀግና ሆነን ዳይስ እየጣልን የምንጫወተውን የጀብዱ ጨዋታ ሲመራ ግን የወዲያኛውን ዓለም በየሰፈሩ ያውቀዋል፤ ጻድቃን እዚህ፣ አጋንንት እዚያ።

እኔ ለምጫወትባት ጀግና የሟች እህቴን የዘነበችን ስም አወጣሁላት። አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ውስጥ ዘንዶ ገደላት። ቢንያም እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ደግነቷም ክፋቷም አልታወቀም፤ ግራጫው ሜዳ ላይ ለዘላለም ትቁም!» ብሎ ፈረደ። ይግባኝ አልኩ። ሦስት ቅዳሜ ተሟገትን።

በአራተኛው፣ «ዘነበች እህቴ ናት፤ ስትሞት አምስት ዓመቷ ነበር» አልኩት።

የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ። «እትዬ፣ መጽሐፉ ለሕፃናት የተሠራ ቦታ የለውም» አለኝ።