ለጀልባ የሚሆን ማንጋል

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ባሕር በሌለበት ከተማ የሚኖር ሰው ጀልባ የሚገዛው ምን ጎድሎበት ነው? እኛ የምንኖርባት የእስራኤል ከተማ ቂርያት ጋት ባቡር አላት፣ አውቶቡስ አላት፣ ፋብሪካ አላት፣ በየአደባባዩ ዘንባባ አላት። ውሃዋ ግን ከቧንቧ የሚወርደው ብቻ ነው። በክረምት ዝናቡ በርትቶ መንገዱ ሲጥለቀለቅ እንኳ ጀልባ ያማረው ሰው አላየሁም፤ ጫማ አውልቆ መሻገር ይበቃል። ሆኖም የልጄ ባል ጀልባ ገዛ።

ሰው የሚገዛው የጎደለውን አይደለም፤ ጎረቤቱ የሚያይለትን ነው። ይህን የጻፈ ፈላስፋ መኖሩን አላስታውስም። ከሌለ እኔ ጽፌዋለሁ። ጎንደር ሳለሁ መጽሐፍ ሲያልቅብኝ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አነብ ነበር፤ እዚህ መጥቼ ደግሞ መድኃኒት ውስጥ የሚገባውን ወረቀት ሳይቀር አነባለሁ። ከዚህ ሁሉ ንባብ የተረዳሁት፣ ሰው ትንሽ ሲደላው መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ መኪና፣ ከዚያ ራሱን የሚያሰጥምበት ነገር እንደሚፈልግ ነው።

የልጄ ባል ባሩክ ይባላል፤ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የፈረቃ አለቃ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ። ልጄን እኔ ያለምወርቅ ብዬ ነበር የሰየምኳት፤ እዚህ ትምህርት ቤት ስትገባ አስተማሪዋ ኢላና አለቻት፣ እስከ ዛሬም ኢላና ናት። እኔ ስንት አምጬ ያወጣሁትን ስም አንዲት ሴት በአንድ ትንፋሽ አነሣችው። ባልና ሚስቱ ካርሜ ጋት ገብተዋል። ካርሜ ጋት ከእኛ አሮጌ ብሎኮች በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ የሚርቅ የረጃጅም ፎቆች ሰፈር ነው፤ የገቡበት ሰዎች ግን ሌላ አገር የተሰደዱ ይመስላቸዋል። እኔ አሳንሰር በሌለው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ሲጠይቁኝ ይመጡና ደረጃው ላይ የሚያለከልኩት እነሱ ናቸው።

ጀልባዋን ባሩክ የገዛው ሰርጌይ ከሚባል የፋብሪካ ባልደረባው ጋር ተጋርቶ ነው። ሰርጌይ ጀልባ የመንዳት ፈቃድ አለው፤ ባሩክ ደግሞ ጀልባ አለኝ የማለት ፈቃድ አለው። የምትታሰረው አሽቀሎን ወደብ ነው። ያገለገለች፣ ነጭ፣ ስድስት ሰው የምትይዝ ትንሽ ነገር ናት። ከቀድሞው ባለቤቷ የቀረ ዝገት የበላው ማንጋልም አብሯት መጣ። ማንጋል ሥጋ የሚጠበስበት ማንደጃ ነው፤ በዚህ አገር ማንጋል የሌለው ሰው ዜግነቱ ያጠራጥራል። ኢላና አሮጌውን ጠጋ ብላ አሸተተችውና ሽሪምፕ የሚሉት የባሕር ፍጡር ተጠብሶበታል አለች። ሽሪምፕ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ኦሪት የከለከለችውን ነገር በጠረኑ ለመለየት አለመብላት ይበቃል መሰለኝ። ማንጋሉ ተጣለ፤ አዲስ መመረጥ አለበት ተባለና መራጭ ሆኜ የተሾምኩት እኔ ነኝ።

ለምን እኔ? ባሩክ እንደ አንቱ እሳት የሚያውቅ የለም፣ አንቱ ያሉት ይሁን አለኝ። ሽንገላ ነው፤ ግን ጥቂት እውነት አለበት። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከደምቢያ መንደራችን ጣና ዳር ድረስ ወርዳ ለታንኳ ቀዛፊዎች ትንንሽ ምድጃ ትሸጥላቸው ነበር። ታንኳው ደንገል ስለሆነ ከምድጃው ሥር ጭቃ ይለቀለቃል፤ ዓሣውም ውሃው መካከል ይጠበሳል። እኔ እሷን ተከትዬ እሄድና ታንኳው ላይ ካልወጣሁ ብዬ አለቅስ ነበር። አባቴ አይሆንም ይላል፤ ባዕድ የነካ ሰው ውሃ ወርዶ ሳይታጠብ ቤት አይገባም፣ የእኛ የቤተ እስራኤሎች ሕግ ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ፣ ልታጠብ ብል ውሃው እዚያው ነበር። ቀዛፊዎቹም በበኩላቸው የቡዳ ልጅ የወጣችበት ታንኳ ይሰጥማል ይላሉ። ተቃውሞ ያልነበረን እኔና ሐይቁ ብቻ ነበርን።

ስለዚህ ሹመቱን የተቀበልኩት በአንድ ውል ነው። ማንጋሉን እመርጣለሁ፤ ጀልባዋ ስትወጣ ግን እኔም እወጣለሁ አልኳቸው። በአውሮፕላን አገር አቋርጫለሁ፣ በበቅሎም ሄጃለሁ፤ በውሃ ላይ ግን አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ሳልሞት አንድ ጊዜ ልቀመጥ ነው ያልኩት። ባሩክ ያለ አንቱማ ምን ጀልባ አለ አለኝ፤ ልጄም በሴደር አለች። በሴደር እሺ ማለት ነው። እሺ ደግሞ ከዘመድ አፍ ሲወጣ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ታውቃላችሁ።

ወደ ሥራዬ ገባሁ። ባሩክ ከሰል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ ያለ ጭስ ምን ማንጋል አለ ባይ ነው። እዚህ አገር ወንድ ልጅ ወንድነቱ የሚታየው ከሰሉን በካርቶን ሲያራግብ ነው። ባሕር ላይ ግን ነፋሱ በነፃ ያራግባል፤ ፍንጣሪውንም አንሥቶ የጀልባዋ ወለል ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ መዋኘት የሚችል ይዋኛል አልኩት። ባሩክ መዋኘት አይችልም። የከሰል ነገር በዚህ ተዘጋ። ኢላና ንጹሕ ነውና የኤሌክትሪክ ይሁን አለች። ሶኬቱን ዓሣ ይይዝልሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አኮረፈች። ሰርጌይ ሐሳቡን ሲጠየቅ ጀልባ ላይ ሳንድዊች ነው የሚበላው አለ። ከመካከላችን ባሕር የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበር ማንም አልሰማውም።

ቀረን ጋዝ። የካምፕ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ሻጩ የጀልባ ጠርዝ ብረት ላይ ታስሮ ከውሃው በላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ማንጋል አወጣና ቀላል ነው፣ ቦታም አይፈጅባችሁም አለ። እኔ ግን ባለሙያ ተብዬ የለ? ሥጋን ውሃ ላይ ሰቅሎ መጥበስ ለዓሣ ግብር ማብላት ነው አልኩ። ነፋስ ያጠፋዋል፣ ማዕበል ያናውጠዋል፣ ውሃ ላይ የቀለለ ነገር ሁሉ መጨረሻው መውደቅ ነው ብዬ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሌላ ሰው ሳይቀር ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ ወፍራሙን መረጥኩ፤ የማይዝግ ብረት፣ ባለ ክዳን፣ ነፋስ መከለያ ያለው፣ እግሩ ሰፊ፣ በቡሎን ከወለል ጋር የሚታሰር። ሻጩ ጀልባችሁ ስንት ሰው ትይዛለች አለ። ባሩክ ስድስት አለው። ሻጩ ማንጋሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ደረሰኙን ጻፈ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ሰው፤ እኔ በዚያች ሰዓት ስለ ክዳኑ ማጠፊያ ጥንካሬ እያስረዳሁ ነበር።

ባሕር የምንወጣበት ቀን ዓርብ ጠዋት ሆነ። የጎማ ጫማ ገዛሁ፤ ባርኔጣዬን ነፋስ እንዳይወስደው በአገጬ ሥር በሻሽ አሰርኩ። መስተዋት ሳይ ከጦር ሜዳ የተመለሰች ነርስ መስያለሁ። አሽቀሎን ደረስን። ጀልባዋ ከወደቡ ግንብ ጋር ታስራ ትወዛወዛለች፤ በስተኋላዋ፣ መቀመጫው በነበረበት ላይ፣ የእኔ ማንጋል እንደ ደጃዝማች ተዘርግቶ ያብለጨልጫል። ከሥሩ የጋዙ ሲሊንደር፣ ከጎኑ በረዶና ሥጋ የታጨቀበት ሣጥን። የልጅ ልጆቼ ገቡ፣ ኢላና ገባች፣ ባሩክ ገባ፣ ሰርጌይ መሪውን ያዘ። እኔ አንድ እግሬን አነሣሁ።

ሰርጌይ ዓይኑን ከገመዱ ሳያነሣ ጀልባዋ በስተኋላ በጣም ከብዳለች፣ አንድ ሰው ይተርፋል አለ። ባሩክ ባሕሩን ማየት ጀመረ። ኢላና ስልኳን ማየት ጀመረች። የልጅ ልጆቼ አባታቸውን አዩ። እኔን ያየ የለም። ሰዎች አብረዋችሁ ቆመው አንድ ሰው ተረፈ ሲባል ማንም ካላያችሁ፣ የተረፋችሁት እናንተ ናችሁ።

«እማማ፣ ማዕበሉ እኮ ለአንቱ ይከብዳል፤ ለአንቱው ብለን ነው» አለ ባሩክ።

«ማንጋሉን አውርዱና እኔን ጫኑ» አልኩ።

«ማንጋሉ ከቀረ ታዲያ ለምን እንሄዳለን?» አለች ልጄ።

በክፋት አይደለም ያለችው። በክፋት ብትለው መልስ አላጣም ነበር። ከልቧ ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ፤ ዳቦ ሊገዛ የሚሄደውን ሰው ገንዘቡን ቤት ተወው ያልኩት ያህል።

ከአዲስ አበባ በመጣንበት ጊዜ የተሳፈርንበት አውሮፕላን ወንበር አልነበረውም። ሰው እንዲበዛ ብለው ነቅለውት ነበር። ወለሉ ላይ ተደራርበን ተቀመጥን፤ ይህችው ልጄ ጭኔ ላይ፣ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ትከሻዬ ላይ። ከበደን ያለ የለም፣ ተረፈ የተባለ የለም። ያን ጊዜ ለሰው ሲባል ብረት ተነቀለ፤ አሁን ለብረት ሲባል ሰው ተነቀለ። ሠለጠንን ማለት እንግዲህ ይህ ነው። የሚያናድደው ደግሞ ብረቱን የመረጥኩት እኔ መሆኔ አይደለም፤ በደንብ መምረጤ ነው።

ታጣፊ ወንበር፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና ቶሎ እንመለሳለን የሚል ቃል ሰጥተውኝ ሄዱ። በቃላቸው ተገኙ፤ ቶሎ ተመለሱ። ጀልባዋ ስትቃረብ መጀመሪያ ሰው ያለባት አልመሰለኝም፤ ሁሉም ጠርዝ ጠርዟን ይዘው ወደ ውሃው አጎንብሰዋል። ማዕበሉ ለእኔ ይከብዳል የተባለው ለእነሱ ከብዷል። ባሩክ ሲወርድ ፊቱ የጎመን ቅጠል መስሎ ነበር፤ ትልቁ ልጅ ግንቡን አቅፎ ሳመው። ሥጋው በሣጥኑ እንዳለ ነው። ማንጋሉ አልተለኮሰም፤ ክዳኑም አልተከፈተም። ከወደቡ ወጥቶ ባሕሩን አይቶ፣ ሳያስመልሰው በክብር የተመለሰ እሱ ብቻ ነው። አልሳቅሁም ብል ማን ያምነኛል? ግን ሳቁ አልጣፈጠኝም። መኪናው ውስጥ እስከ ቂርያት ጋት የተሰማው ቃል መስኮት ክፈቱ የሚለው ብቻ ነው።

ኢላና ሁለተኛ ውሃ አልረግጥም ብላ ማለች። ሰርጌይም ሳንድዊች የሚበላ ገዢ አገኘና ጀልባዋ ተሸጠች። ይህን የነገረኝ የለም፤ የሰማሁት በአስተስርዮ፣ በኃጢአት ማስተስረያው ጾማችን ዋዜማ፣ ልጄና ባሏ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲመጡ ነው። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ይቅር በለኝ ይላል፤ ዓመቱን ሙሉ የበደሉትን በአንድ ከሰዓት ዞረው ይጨርሳሉ። ደረጃው ላይ ሲያለከልኩ ሰማሁና በሩን ከፈትኩ። ማንጋሉን በሁለት ጫፍ ይዘውታል። ስጦታ ነው አሉኝ፤ የእኔ ምርጫ ስለሆነ አልሸጡትም። እያነበብኩ የምቀመጥባትን ወንበር ከበረንዳው አንሥተው እሱን አኖሩት። በብሎካችን በረንዳ ላይ እሳት መለኮስ ክልክል ነው።

ባሩክ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ነገ ጾም ነውና እማማ ይቅር ይበሉን አለ። ደግ አነጋገር ነው፤ እንዳልኩት መጥፎ ሰው አይደለም። እኔ ጀልባዋስ ብዬ ጠየቅሁ። ተሸጠች አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በጋ ሲገባ ሌላ እንከራያለን አለ ቀጥሎ። እዚህ አገር በጋ የሚገባው ከበዓል፣ ከክረምትና ከፋሲካ በኋላ ነው። በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ ቀጠሮ የሚሰጠው ሐኪም ብቻ ነው።

«እናቴ፣ አንድ ወንበር እኮ ነው» አለች ኢላና።

አዎን፣ አንድ ወንበር ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ከአንድ በላይ ጠይቄ አላውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ልላት አሰብኩና ተውኩት፤ ተረቱን ወደ ዕብራይስጥ እስክትመልሰው ፀሐይ ትጠልቅና ጾሙ ይገባል። ሻይ ጠጥተው ሄዱ። በር ላይ ባሩክ እንግዲህ ይቅር ብለውናል ማለት ነው አለኝ፣ እንደ መጠየቅም እንደ መለመንም አድርጎ።

እግዚአብሔር ነገ ሁሉንም ይቅር ይላል ይባላል። ይበል፤ እሱን ጀልባ አምሮት አያውቅም። እኔ ይቅር አልልም። ልጄንም፣ ባሏንም፣ ማንንም።