ግሪሳ የፈራት ሴት

ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ሸዋ ሮቢት ዳርቻ፣ በሟች ሚስቴ ወንድም በንጋቱ ቤት መደብ ላይ ጋደም ብዬ ይህን ሕልም አየሁ። ከሕልሙ በፊት ግን እዚያ ምን እንደወሰደኝ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የሽማግሌ ቅዠት ነው ብላችሁ ትተዉኛላችሁ።

በወጣትነቴ ቆዳ ነጋዴ ነበርኩ። አንድ ቀን ፒያሳ በገዛሁት አሮጌ መጽሔት ላይ ስለ መጀመሪያዎቹ የሆሊውድ ፕሮዲዩሰሮች አነበብኩ። ጓንትና ቆዳ ሲሸጡ ኖረው ድንገት የፊልም ጌቶች ሆኑ ይላል። ቆዳውስ እኔም ጋ አለ አልኩና ሱቄን ሽጬ አንድ ፊልም ሠራሁ። ዋናዋ ተዋናይ ሚስቴ ትብለጥ ነበረች። ፊልሙ በአንድ ሲኒማ ቤት አሥራ አንድ ቀን ታየ። በዓመቱ ትብለጥ ታማ ሞተችብኝ። ዘመኑ ሲከፋ ያለኝን አንድ ቅጂ በሰባት ቆርቆሮ አሽጌ ንጋቱ ዘንድ አስቀመጥኩ። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እነሱ እህታቸው ሰው ፊት ቆማ መጫወቷን ቢሰሙ አንገታቸውን የሚደፉ ሰዎች ናቸው። "የሥራ ዕቃ ነው" ብዬው ሄድኩ። ፎቶግራፎቿ ደግሞ ቤታችን ሲፈርስ ከነሳጥናቸው ጠፉ። ይኸው ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ድምጿን አስታውሳለሁ፣ እጇን አስታውሳለሁ፣ ፊቷ ግን ከዓምና ጀምሮ አልመጣ ብሎኛል። በአውቶቡስ ተንገላትቼ የሄድኩት ፊቷን ለማምጣት ነው።

ንጋቱ ማሳ ላይ ነበር። ሚስቱ "እስኪመጣ ጎንዎን ያሳርፉ፣ ጋሼ" አለችኝ። ነፋሱ ከማሽላው በኩል ጥርርር የሚል ድምፅ ያመጣል። የፊልም ማሳያ መሣሪያ ይመስላል እኮ ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ሆሊውድ ነበርኩ፤ ገና የብርቱካን እርሻ ሳለ። አንድ ትልቅ ጋጣ በር ላይ ፕሮዲዩሰሮች ተሰልፈዋል። ሁሉም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ትልልቅ ሲጋራ ጎርሰዋል፣ በእጃቸው የየራሳቸውን ፎቶግራፍ ይዘዋል። ባርኔጣዬን ሳስተካክል እኔም አንዱ መሆኔን አወቅሁ። በሩ ላይ ጥላ ዘርግተው የተቀመጡት በየፊልሙ የገበያ ሕዝብ ሆነው የሚያልፉት፣ ወታደር ሆነው የሚሞቱት ስም የለሽ ሰዎች ናቸው። አንዲት የተቀደደ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ተቆጣ እስኪ።"

ተቆጣሁ።

"እንዲህ አይደለም። ሰው ከሥራ እንደሚያባርር ተቆጣ።"

"ማንን ላባርር?"

"ራስህን።"

ራሴን አባረርኩ። ራሴን ለምኜ፣ ራሴን እንቢ ብዬ፣ እያለቀስኩ ወጣሁ። ሴትዮዋ ወደደችው። "ከዛሬ ጀምሮ የኩባንያው ባለቤት ነህ" አለችኝ። "ከታች ነው የምትጀምረው። ጠንክረህ ከሠራህ ከፍ ከፍ እያልክ መጥረጊያ ድረስ ትደርሳለህ።"

እጅ ነሥቼ ገባሁ። ውስጥ ፈረሶች ጠረጴዛ ይዘው ደብዳቤ ይፈርማሉ፤ እኛ ባለቤቶቹ ግርግም ላይ ታስረናል። የዳይሬክተርነቱን ወንበር የያዘች በቅሎ ናት። ፊልም የሚሠራው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ተመልካቹ ያለቅሳል። ከዚያ ያለቀሰበት ፊልም ይታያል። ከታየ በኋላ ይቀረጻል። በመጨረሻ አንድ ሰው ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ታሪኩን ያስበዋል። ለማሰቡ ግን ማንም ጊዜ አልነበረውም።

የዚያን ቀን ባቡሩን ሐዲዱ ላይ በገመድ ጠፍረን አስረነዋል። "ኧረ የሰው ያለህ!" እያለ ይጮሃል። ከሩቅ አንዲት ሴት እያፏጨች ትመጣበታለች። ሰፊ ባርኔጣዋ ፊቷን ሸፍኖታል። አረማመዷን ግን አውቀዋለሁ፤ ግራ እግሯን ትንሽ ቀደም ታደርጋለች። ትብለጥ ናት! መድረኩ ጣሪያ የለውም፣ መብራታችን ፀሐይ ብቻ ናት። ሴትዮዋ አሥር እርምጃ ሲቀራት፣ ባርኔጣዋን ቀና ልታደርግ ስትል፣ ፀሐይ ፈቃድ ጠይቃ ልትሄድ ተነሣች።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"ለቅሶ አለብኝ።"

"ትንሽ ብትቆዪስ? ፊቷን እስካይ ብቻ!"

"የሷ ለቅሶ ነው እኮ" አለችኝና ገባች። ጨለማው ውስጥ የባቡሩ ጩኸት ብቻ ቀረ።

ሥራው ግን ሠመረልኝ፤ አይ አሠማመር! ሁለተኛ ፊልሜን ማንም አላየውም፤ ከባለቤትነት ወደ ጸሐፊነት አደግሁ። ሦስተኛው ተቃጠለ፤ አናጢ አደረጉኝ። ድምፅ ያለው ፊልም መጣ ተባለና ድምፅ ያለው ሰው ሁሉ ዝም እንዲል ታዘዘ፤ ዝም በማለቴ ተመሰገንኩ። በየዕድገቱ በሬ ላይ ከተጻፈው ስሜ አንድ ፊደል ይፋቅልኛል። አጥናፉ ነበርኩ፤ ጥናፉ ሆንኩ፤ ናፉ ሆንኩ። "ፉ" ብቻ ስትቀር መጥረጊያውን በእቅፍ አበባ አጅበው ሰጡኝ። በቅሎዋ ሳይቀር አቀፈችኝ።

ወዲያው የሽልማት አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ወንበሮቹን ከዳር እስከ ዳር የሞሉት ግሪሳ ወፎች ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ፣ ኮት የለበሱ፣ አፋቸው የማይዘጋ። ሽልማቱ ከሥራው ምንም ያልቀረለት ፕሮዲዩሰር የሚያገኘው ነው።

አንዱ ተነሥቶ "የእኔ ስልሳ ሁለቱም ጠፍተዋል!" አለ። አጨበጨቡለት።

ሌላው "እኔ መሥራቴንም አላስታውስ!" አለ። ቆመው አጨበጨቡለት።

መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ግሪሳ መዝገቡን ገልጦ "ፉ!" ብሎ ጠራኝ። መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ።

"አንድ ፊልም ቀርቶብሃል። ሰባት ቆርቆሮ። ምን አለበት?"

"ሚስቴ አለችበት።"

"ትታይ።"

ጥርርር የሚለው ድምፅ ተነሣ። መጋረጃው ከኋላዬ ነው። ልዞር ስል ሽማግሌው ግሪሳ በክንፉ ከለከለኝ። "ፕሮዲዩሰር የሚያየው ተመልካቹን ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሕይወቴም ያንኑ ነበር ያደረግሁት። አሥራ አንዱንም ቀን ጀርባዬን ለመጋረጃው ሰጥቼ ወንበር ስቆጥር ከረምኩ።

ብርሃኑ በራሴ ላይ አልፎ ወደቀ። ወፎቹ ቀና አሉ። ከዚያ አንዱ ጮኸ፣ ሁለተኛው ጮኸ፣ አዳራሹ በሙሉ ግር ብሎ ተነሣ። በመስኮት፣ በጣሪያ፣ በበር፣ እርስ በርስ እየተጋጩ ይሸሻሉ።

"አትሽሹ! ደግ ሴት ናት! ማንንም አትነካም!" እያልኩ ለመንኳቸው። ለሚስቴ ፊት ጥብቅና ስቆም ያ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

ከኋላዬ ትብለጥ ጠራችኝ። "አጥናፉ።" አራቱንም ፊደል ጠራችው።

"ወይ።"

"መጨረሻ ላይ ፊቴን ትንሽ አቆየው ብዬህ አልነበር?"

ብላኝ ነበር። ፊልሙን ስንቆርጥ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ያችን የመጨረሻዋን አስተያየት ትንሽ አቆያት፣ ሰው ይሰናበተኝ ብላ ለምናኝ ነበር። እኔ ግን ለስሜ ቦታ አጠረኝና ቆረጥኳት።

"ስምህ ስንት ጊዜ ነው የወጣው?"

"ሦስት ጊዜ። ትብለጥዬ፣ ልጅ ነበርኩ።"

"እንግዲያው አሁን ዙርና እየኝ።"

"አይፈቀድም አሉኝ።"

"እነማን ናቸው?"

አዳራሹን አየሁት። ባዶ ነው። ላባ ብቻ ይረግፋል። መጥረጊያውን ጣልኩና ዞርኩ፤ መጀመሪያ ብርሃኑ፣ ከዚያ የነጠላዋ ጫፍ፣ ከዚያ አገጯ…

"ጋሼ! ኧረ ጋሼ! እንኳን ደህና መጡ!"

ንጋቱ በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ተነሥቼ ተሳሳምን። ጥርርር የሚለው ድምፅ ግን ከእኔ ጋር አልነቃም፤ ውጭ እንዳለ ነው።

"ቆርቆሮዎቹን ልወስድ ነው የመጣሁት" አልኩት ገና ትንፋሼ ሳይመለስ።

ፊቱ በደስታ በራ። "ምን ብዬ ላመስግንዎ እያልኩ ነበር! ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ራስ ማሽላ አልተበላችብኝም። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚወነጭፍ ሰው እንኳ አላስፈለገኝም። ያ ውስጡ የነበረው ክር እኮ ነው፣ ማሳው ላይ ወጥሬው! ሌላው ሰው የሚወጥረውን የካሴት ክር ነፋስ ይበጥሰዋል፤ ይኼ ግን ጠንካራ ነው። ሲያብረቀርቅና ሲጮህ ግሪሳው ከሩቅ ይመለሳል። ላስፈቅድዎ ደውዬ ነበር፣ ስልክዎ አልሠራ አለኝ።"

ማሳው ላይ ደረስን። ከችካል ችካል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ፊልሜ ተወጥሮ በነፋስ ይንጫጫል። አንዱን ይዤ ወደ ፀሐይ አነሣሁት። የሦስት ዓመት ፀሐይና ዝናብ አጥቦት እንደ መስኮት መስታወት ጠርቷል። ሁለተኛውን መስመር አየሁ። ሦስተኛውን አየሁ። በማሽላው መሐል እየተጋፋሁ ሄድኩ፤ ንጋቱ ግራ ገብቶት ይከተለኛል። ማልቀስ ፈለግሁ፤ እሱም አልመጣ አለኝ።

ጥጉ ላይ ባለው ችካል ወፍራም ቋጠሮ ነበር። እጥፉ ውስጥ ፀሐይ ያልደረሰችበት ጥቁር ቦታ ይታያል። ፈታሁት። ቀና አደረግሁትና አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ጥቁር መደብ፣ ነጭ ፊደል። ፕሮዲዩሰር አጥናፉ ቢተው ይላል። በሚቀጥለው ምስልም ፕሮዲዩሰር አጥናፉ ቢተው። በሚቀጥለውም።

"የሚፈልጉት ነገር ነበረበት እንዴ፣ ጋሼ?" አለኝ ንጋቱ ቀስ ብሎ። የእህቱ ዓይን የሱን ይመስል ነበር ይሆን ብዬ አተኩሬ አየሁት። አላወቅሁም።

"የለም" አልኩት። "የሥራ ዕቃ ነው።"

"እፎይ! ደንግጬ ነበር እኮ።" ወዲያው ወደ ወንዙ አቅጣጫ አየና ጮኸ። "መጡ! ጋሼ፣ መልሰው ይቋጥሩት! ቶሎ!"

ደመና የሚያህል ግሪሳ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ስሜን መልሼ ቋጠርኩት። ነፋሱ መታው፣ ጥርርር አለ፣ ግሪሳው ከማሳው አፋፍ ላይ ደንግጦ ተመለሰ። ንጋቱ አጨበጨበልኝ።