ሬዲዮ የሚያስተኛት ከተማ

እንቅልፍ የግል ጉዳይ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ሸዋ ሮቢትን በሰባት ሰዓት ስላላዩዋት ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ባጃጁ ሁሉ ጥላ ውስጥ ይሸጎጣል፣ ባለሱቁ ማሾ በሞላው ጆንያ ላይ ጋደም ይላል፣ የቢሮ ሰው እንኳ ዓይኑን ከፍቶ የሚተኛበት ሰዓት ነው። ያኔ ይህን ሁሉ ሕዝብ እሹሩሩ ብሎ የሚያስተኛ አንድ ሰው ነበረን፦ የከተማችን ሬዲዮ አዘጋጅ ሰይድ። ለስለስ ያለ ዘፈን ይከፍትና መሃል ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሮቢቶች፣ ሙቀቱን አንችለውም፤ ጋደም እንበል» ይላል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል አትጠይቁኝ። ተኝተን ነዋ።

አባቴ ከሁላችንም ይብስ ነበር። ዕድሜውን በደሴ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ ስለኖረ፣ ጆሮው ስር የሚያጉረመርም ነገር ከሌለ ዓይኑ አይከደንም። ሐኪሙ ደግሞ ለደም ግፊቱ ሲል የቀን ዕረፍት እንዳይቀርበት አስጠንቅቆናል።

ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ያ የሰይድ ሰዓት ከአዲስ አበባ በቅብብሎሽ ለሚተላለፍ ዝግጅት ተሰጠ። ዝግጅቱ ግሩም ነው፣ አልዋሽም። ብቻ አዘጋጇ እንቅልፍ በሚያባርር ድምፅ ከት ብላ እየሳቀች፣ «ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ጃኬት ደረብ አድርጉ እንጂ» ትለናለች። ደብረ ሲና ላይ ቢሆን ያስኬዳል፤ እኛ ግን ካናቴራችንን አውልቀን ነው የምንሰማት። አባቴ ጣሪያ ላይ አፍጥጦ መዋል ጀመረ። ምግብም ቀነሰ። ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ።

ሰይድን ፍለጋ ወጣሁና ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የአባቴን ነገር ስነግረው አቀረቀረ።

«ወንድሜ፣ አንተን ምን እደብቅሃለሁ» አለኝ። «ያ ድምፅ የተቀዳ ነው። አንድ ረቡዕ ጠዋት ቀዳሁትና ሦስት ዓመት ሙሉ እሱኑ ስንለቅ ኖርን። እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝ እኮ፤ በዚያ ሰዓት እተኛለሁ።»

ጉድ ነው። ስንቴ «ሰይድ ዛሬስ አምሮበታል» ተባብለናል መሰላችሁ።

ቅጂውን በፍላሽ ሰጠኝ። በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ለአባቴ ምንም ሳልናገር ሬዲዮው ላይ ሰክቼ ከፈትኩት። ድምፁ ሲመጣ አባቴ ፊቱ ፈታ አለ። ጥቂት አዳመጠና ግን፣ «ዝጋው» አለኝ።

ነቃብኝ ብዬ ደነገጥኩ። «ምነው አባዬ?»

«ድምፁ ደክሟል። ይሄ ልጅ እኛን ሲያስተኛ እሱ መቼ ተኝቶ ያውቃል? ዛሬ እንኳ ይረፍ።»

ዘጋሁት። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ሰይድን እንዳይቀሰቅሰው የፈራ ይመስል ትንፋሹን ቀነስ አደረገና፣ ጭጭ ባለው ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው።