የጋሽ ትንሽ ቀረው አንቴና

የሚጀምር ሰው ሞልቷል፤ የሚጨርስም አይጠፋም። ልብ የሚያወልቀው ግን መሀል ላይ የሚኖረው ዓይነት ነው፤ ሥራው ሁልጊዜ ሊያልቅ አንድ ሐሙስ የቀረው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሥር የሚሠራ ልብስ ሰፊ እንኳ መፈለግ አላስፈለገውም፤ እህቱ አግብታ ቤቱ ድረስ አመጣችለት።

ክቡርነታቸው፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ "ጋሽ ትንሽ ቀረው" የሚላቸው የእህቱ ባል፣ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አውጥተው ጣሪያ ላይ ኳድ የሚባል አንቴና ከተከሉ ስድስት ዓመታቸው ነው። ኳድ ማለት በቀርከሃ ላይ የተወጠረ አራት ማዕዘን ሽቦ ነው፤ በቃ። በዚህ ሽቦ እስከዛሬ ያናገሩት ሰው ቢቆጠር አንድም አይሞላም።

"ገና አልተጣጣመማ" ይላሉ። "የሬዲዮው ገመድ ሃምሳ ኦም ነው፤ ሽቦው ከመቶ በላይ። ካልተጣጣሙ የላክኸው ኃይል ተመልሶ ይመጣብሃል። ትንሽ ነው የቀረው።"

ያልሞከሩት የለም። መጀመሪያ በሬዲዮው ገመድና በሽቦው መሀል የቴሌቪዥን ገመድ ቀጠሉ፤ ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ መሆን አለበት ብለው አንድ ጣት ሲቆርጡ፣ ግማሽ ጣት ሲቀጥሉ ክረምቱ ወጣ። ቀጥለው ጋማ የሚሉትን የአሉሚኒየም ዘንግ ከጎኑ አሰሩ፤ ዘንጉ የእህቱ የመጋረጃ መስቀያ ነበር። ከዚያ ገመዱን ከሥር አያይዘው ይመግቡት የነበረውን ሽቦ ከጎን መገቡት። ከሥር ሲመገብ ሞገዱ ተጋድሞ ይሄዳል፣ ከጎን ሲመገብ ቆሞ፤ ቆሞ መሄዱን አልወደዱትም መሰል ወደ ሥሩ መለሱት። ልብስ ሰፊው አንድ ኮት እንዲህ እየፈታ ቢሰፋ ደንበኛው ፖሊስ ይጠራበት ነበር።

በየሙከራው ደግሞ መስፊያውን አቁሞ አምስት ፎቅ የሚወጣው እሱ ነው። "ወንድሜ፣ እስቲ ቀርከሃውን ያዝልኝ።" ዛሬ ተስተካከለ ይባላል፤ በማግሥቱ ተበላሽቶ ይገኛል።

በመጨረሻ የሕንፃው ኮሚቴ የልብስ ማስጫ ቦታ ጠበበ ብሎ ቆረጠ፦ ቅዳሜ ጠዋት ሰብሳቢዋ ባሉበት ጋሽ በሬዲዮው አንድ ሰው ካላናገሩ አንቴናው ይነቀላል። አንቴናው ይነሳ በሚለው አቤቱታ ላይ ቀድሞ የፈረመው ልብስ ሰፊው ነው። ደስታውን ለእህቱ ሊያካፍል ቢሄድ ፊቷ ጠቆረ።

"ጡረታ የወጣ ሰሞን ከአልጋ አልነሳም ብሎ ነበር" አለችው። "ያስነሳው ይሄ ሽቦ ነው። ነቅላችሁበት ምን ልታደርጉት ነው?"

ቅዳሜ ሰብሳቢዋ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ጋሽ ሊደርቁ በተሰጡት አንሶላዎች መሀል ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መለኪያውን አዩ። የሄደው ኃይል ግማሹ እየተመለሰ ነው። "ትንሽ ነው..." ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ።

ልብስ ሰፊው ይህን አልጠበቀም፤ አሳዘኑት። ፊታቸውን ላለማየት ዓይኑን መለኪያው ላይ ተክሎ ቀርከሃው ላይ ተደገፈ። የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው መርፌ ወረደ። ቀና አለ፤ መርፌው ወጣ። ተጠጋ፤ ወረደ። ያኔ ገባው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንቴናው የተለካው እሱ አጠገቡ ቆሞ ነው፤ የተጣጣመውም ከእሱ ገላ ጋር ነው። አሁን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ጉዱ ያበቃል፤ እግሩም ከደረጃው ያርፋል።

"ጋሼ፣ አሁን ይሞክሩ" አለ፣ ቀርከሃውን እቅፍ አድርጎ።

ጠሩ። ከሩቅ አገር አንዲት ሴት መለሰች፤ ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይሰማኛል አለች። ጋሽ ስድስት ዓመት ሲያጣጥሙ ምን እንደሚሉ አላሰቡበትም።

"እ... ደህና ነዎት?" አሉ። "ልጆችስ ደህና ናቸው?"

ሰብሳቢዋ ሳቃቸውን ውጠው ወረዱ፤ አንቴናውም ሳይነቀል ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ጣሪያው ላይ ቀርከሃ አቅፎ ይቆማል። ለደንበኞቹ "ይሄ ሰውዬ ዕድሜዬን ጨረሰው" እያለ ያማቸዋል፤ ለጋሽ ደግሞ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ነው ይላቸዋል። እውነቱን ቢነግራቸው ያለ እሱ እንዲሠራ አድርገው ያስተካክሉታል፤ ይህን ደግሞ አይፈልግም።