አንድ ዙር ከአያ ካሣዬ ጋር

በየአገሩ አንድ ሰላምተኛ ሰው አይጠፋም። ሰላምተኛ ስል "እንደምን አደርክ" ብሎ የሚያልፈውን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ጨዋ ነው። እኔ የምላችሁ አላፊ አግዳሚውን አስቁሞ ራሱን፣ ልጆቹን፣ ላሚቱን፣ ጥጃዋን፣ አምና የታመመ አጎቱን ጭምር ካልጠየቀ የማይለቀውን ነው። እንዲህ ካለው ሰው ጋር ገበያ ብትወጡ ገበያው ተበትኖ ትደርሳላችሁ። ቀብር ብትሄዱ አፈሩ ተመልሶ ትደርሳላችሁ። ለጎንደር የደረሳት ሊቀ ሰላምታ አያ ካሣዬ ነው። ለእኔም የደረሰኝ እሱ ነው፤ ጎረቤቴ ነዋ! ሳይክልም አለው።

የእኔ ጣጣ የጀመረው በስኳር ነው። ዶክተር ኤሌኒ ደሜን አስመርምራ፣ "ጋሽ ጌትነት፣ ከወንበር ይነሡ። ሳይክል ይንዱ፤ ሳያቋርጡ፣ ላብ እስኪያሰምጥዎ። በሚመጣው ቀጠሮ ካልወረደ ወደ መርፌ እንሄዳለን" አለችኝ። እኔ ደግሞ መርፌ እፈራለሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነኝ፣ ልጆች አድርሻለሁ፤ መርፌ ሳይ ግን መውጫ በር እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ፣ የወንድሜን ሳይክል ተውሼ ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ። አያ ካሣዬ ያቺን ጥቁር የቻይና ሳይክሉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

"ብቻህን?" አለኝ። "ምነው፣ ሰው የለህም?"

ዙሩ ሸጋ ነው፣ አልዋሽም። ከፒያሳ በአስፋልቱ ቁልቁል ወደ ቀሐ ይወረዳል። ቀሐ ላይ ኮብልስቶኑ ጥርስ እያንገጫገጨ ይቀበላችኋል። ከዚያ ከተማው ያልቅና ወንዝ ወንዙን ቀጭን የእግር መንገድ ነው፤ በባሕር ዛፉ ሥር፣ በገብሱ መሀል። ቀጥሎ ጠጠር፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃ። ፀዳ ስትደርሱ አዳዲስ ቤቶችና የሲሚንቶ አቧራ ይጠብቋችኋል፤ ከዚያ በአዘዞ አድርጋችሁ አስፋልቱን ሽቅብ ወደ ፒያሳ። ጤነኛ ሰው ማልዶ ከወጣ ለምሳ ይደርሳል። ከአያ ካሣዬ ጋር የወጣ ለእራት ከደረሰ ተመስገን ይበል።

ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። እሱ ያልገባበት ግቢ፣ እሱን ያላባረረ ውሻ የለም። የሳይክሉ ፍሬን ለቁልቁለት አይይዝም፤ ሰው ሲያይ ግን ቀጥ ያደርገዋል። "አንዴ ሰላም ብያቸው ልምጣ" ይላል። ይቺ "አንዴ" ስንት ቅዳሜ እንደበላችብኝ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

አራስ አለች ከተባለ እንገባለን፤ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብለን ገንፎ እንበላለን። ከቀሐ በታች መሪጌታ ሐብተ ማርያም ዝክር አለባቸው፤ አልፎ መሄድ ነውር ነው፣ ጠላ እንጠጣለን። ድንኳን ካየማ አለቀልኝ። ሟቹን አያውቀውም። "ባላውቀውስ፣ ሰው አይደለም?" ይላል። ሄልሜቴን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ከማላውቃቸው ሐዘንተኞች መሀል ንፍሮ ስቆረጥም የዋልኩበት ቀን አለ። አንዲት ሴትዮ ሄልሜቴን አይታ "ማዕድን ቆፋሪ ነህ ልጄ?" አለችኝ። እናንተዬ፣ ስኳሬን ላወርድ ወጥቼ ጨምሬበት ገባሁ!

"አያ ካሣዬ፣ ሐኪሟ ሳታቋርጥ ንዳ ብላኛለች እኮ!"

"ደህና ናት ልጅቷ? የእናቷን ቆጣሪ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሰላም በልልኝ።"

እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር ምን ይባላል? ደከመኝ። ቀጠሮው ደግሞ ደረሰ። ሚስቴ እቤት በምትለካልኝ መሣሪያ ስኳሬ ንቅንቅ አላለም። አርብ ከሥራ ስመለስ አጥሩ ሥር አገኘሁትና እንደምንም ጨክኜ "ነገ ብቻዬን ልዙር፤ ሐኪም አዞኝ ነው" አልኩት።

ፊቱ ልውጥ አለ። አያ ካሣዬ ልጆቼን ሳይጠይቀኝ የቀረው ያን ቀን ነው። "ሸጋ" አለ። "ሐኪም ካዘዘማ ምን ይደረጋል። ሰዉን ግን ሰላም በልልኝ።"

"እሽ" አልኩት።

ቅዳሜ ነዳሁ ብላችሁ ምን ዋጋ አለው፣ በረርኩ እንጂ! ቀሐ ስደርስ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ደጃፏ ላይ ገብስ ታሰጣለች። "ጌትነት! ካሣዬስ? ምነው ብቻህን?" አለችኝ። ከቆምኩ ጠላው ሊመጣ ነው። እጄን አወዛውዤ፣ የቁልቁለቱ ንፋስ ያስነባውን ዓይኔን እየጠረግሁ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ወንዙ ዳር አቶ በላቸው ሞፈሩን ትቶ "ኧረ ቁም! ካሣዬ ምን ሆነ?" እያለ ተከተለኝ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ አቃጠለኝ፤ በእጅጌ እየጠረግሁ ሸሸሁት። ፀዳም እንዲሁ። "ካሣዬስ?" የማይለኝ ሰው የለም፤ እኔም ለማንም አልመለስኩም። ሰላምታውን አደራ ማለቱን ረስቼው አይደለም፤ አንዱን ሰላም ካልኩ ሁሉም ሊይዘኝ ነው ብዬ ነው።

ከአዘዞ ወዲህ ዳገቱን እያለከለክሁ ስወጣ ባጃጆች እየቀደሙኝ አለፉ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ጢም ብለውባቸዋል። የሆነ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እግዜር ያጥናቸው አልኩና ቀጠልኩ። ዘመኑ እንደምታውቁት ነው፤ ለቅሶ አይጠፋም።

ሰፈሬ ስገባ ባጃጆቹ ሁሉ አያ ካሣዬ በር ላይ ቆመዋል።

በሩ ዝግ ነው። ባንቺአየሁ አጥሩን ተደግፋ ታለቅሳለች። በላቸው ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል።  ትናንት የተለወጠው ፊቱ ትዝ አለኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት! ሳይክሉን የትም ወርውሬ መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

"ወይኔ አያ ካሣዬ! ወይኔ ጓዴ! ከእንግዲህ ማን ያስቆመኛል!"

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እውነት ነው። ስወደው ኖሯል ለካ፤ እንደ ወንድሜ ስወደው ኖሯል! እኔ እንዲያ ስሆን እስካሁን "እውነት ይሆን?" ሲሉ የቆዩትም ቁርጡን ያወቁ መስሏቸው ዋይታውን አቀለጡት። መንደሩ ተናወጠ።

በዚህ መሀል አንድ ሰው አጠገቤ ቁጭ አለና ትከሻዬን አቀፈኝ።

"አይዞህ ጌትነቴ፣ አይዞህ። እግዜር ያጥናህ። ማን ሞቶብህ ነው?"

ቀና ብዬ አየሁት።

"አንተ" አልኩት።

አያ ካሣዬ ነው። ሚስቱ ገበያ ሄዳ፣ እሱም ብቻውን መቀመጥ አስጠልቶት፣ ማዶ ሰፈር የታመመ ሰው ሊጠይቅ ሄዶ ኖሯል። ሲመለስ ደጁ ላይ ለቅሶ አየ፤ እንግዲህ ለቅሶ አይቶ አያልፍም።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ እልልታዋን አቅልጣ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች። ነጠላዋን ጠቅልላ ጀርባዬን አጮለችኝ። "አንተ ጉድ! እያለቀስክ፣ ሰላም ሳትለን የምትሸሽ፣ መርዶ ይዘህ ካልሆነ ምን ይዘህ ነው?" ለምን አልደወላችሁም ብዬ ልመልስላት ነበር። ግን ሞተ ለተባለ ሰው ማን ይደውላል?

"ተይው" አላት አያ ካሣዬ። "ሰላምታ ሐኪም ከልክሎት ነው።"

ከዚያ ተነሣና ለገዛ ለቅሶው የመጣውን ሰው በተራ በተራ ይስም ጀመር። የበላቸው በሬ እግሩ ዳነ ወይ? የባንቺአየሁ ልጅ ፈተናውን አለፈች ወይ? እነሱም እንባቸው ሳይደርቅ መልሱን ይሰጡታል፣ መልሰው ይጠይቁታል። እኔ ግን ተው ብለውም እንባዬ አልቆም አለኝ። እኔ ብሞት ከፀዳ ባጃጅ ተሳፍሮ የሚመጣልኝ ማነው?

ሁሉንም አዳርሶ ወደ እኔ ሲመለስ እጅጌውን ያዝኩት።

"አያ ካሣዬ፣ መርፌውን እወጋለሁ። ብቻዬን ግን ሁለተኛ አልዞርም።"

"መርፌ ብለህ ነው እንዲህ የምታለቅሰው?" አለና አቧራዬን አራገፈልኝ። "ታች ክሊኒኩ መርፌ የሚወጋው ልጅ፣ ነጋ፣ የክርስትና ልጄ ነው። ተነሥ፣ አንዴ ሰላም ብለነው እንምጣ።"